ሙቀት የሚችሉ ሻጋታዎችና የመዳቡ ክርክር

በአውሮፓውያኑ 2025 መጀመሪያ፣ ብራዚል ካምፒናስ ያሉ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ገለባን ወደ ስኳር የመለወጡን ጥናት እንደገና አሟሙቆታል። የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ቅሪት (ባጋስ) ከለበሰ አፈር ያገኙት ባለ መዳብ ኢንዛይም ሴሉሎስን በኦክሳይድ ይሰብራል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ራሱ ያመርታል። ምንጩ ባክቴሪያ ቢሆንም የነካካው የሻጋታዎቹን የቆየ ክርክር ነው።

ገለባን ወደ ስኳር የሚለውጡ ፋብሪካዎች ዋና ሠራተኛ እስከ ዛሬ ትሪኮደርማ ሪሴይ የተባለው ሻጋታ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰለሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካን ጦር የጥጥ ሸራ ሲያበሰብስ የተያዘው። ኢንዛይም በገፍ ያመነጫል፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ሲል ግን ኢንዛይሞቹ ይዳከማሉ። ከኮምፖስትና ከፍግ ክምር የሚገኙት ሙቀት የሚችሉ ሻጋታዎች፣ እነ ማይሴልዮፍቶራ ቴርሞፊላ፣ ቲየላቪያ ቴረስትሪስና ቴርሞአስከስ ኦራንቲያከስ 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚሠሩ ኢንዛይሞች አሏቸው። ሙቀት ሲጨምር የገለባው ገንፎ ይቀጥናል፤ ስኳሩን የሚሻሙት ተሕዋስያንም ይቀንሳሉ። የሌላው ሙቀት የሚችል ሻጋታ፣ የሁሚኮላ ኢንሶለንስ ኢንዛይሞች ጂንስ በማደብዘዝና በልብስ ሳሙና ጥሩ ገበያ አግኝተዋል፤ ከዚያ የዘለለ የሚያጓጓ ነገር አላየሁባቸውም።

የሚያጓጓው ጂኤች61 የተባለው የሻጋታ ፕሮቲኖች ቤተሰብ ነው። ለዓመታት ደካማ ሴሉሌዝ (ሴሉሎስ ቆራጭ ኢንዛይም) ተብሎ ተመዝግቦ ኖረ። በ2010 የኢንዛይም አምራቹ የኖቮዛይምስ ተመራማሪዎች የቲየላቪያው ጂኤች61 ሲታከልበት የትሪኮደርማ ድብልቅ በጥቂት ኢንዛይም ብዙ እንደሚሠራ አሳዩ። በዚያው ዓመት ኖርዌይ፣ ኦስ ያሉት እነ ቫዬ ኮልስታድና አይሲንክ ተመሳሳይ የባክቴሪያ ፕሮቲን በነፍሳት ቅርፊት የሚገኘውን ካይቲን በኦክሳይድ እንደሚቆርጥ ገለጡ። በ2011 የቴርሞአስከሱ ፕሮቲን መዳብ እንደያዘ ታወቀ። ታዲያ መዳቡን የሚያሠራው ምንድን ነው? ኦክስጅን ነው ሲባል ቆየ፤ በ2017 የኦስ ቡድን ፐርኦክሳይድ ነው ብሎ ተነሣ። ተቃዋሚዎች ፐርኦክሳይድ ሲበዛ ኢንዛይሙን ራሱን ያበላሸዋል አሉ። እውነት ነው፤ ግን ይህ መጠኑን መጥኑ የሚያሰኝ እንጂ ሐሳቡን የሚያፈርስ አይደለም። በፐርኦክሳይድ የሚታየው ፍጥነት ከኦክስጅኑ እጅግ ስለሚበልጥ እኔ ከኦስ ወገን ነኝ። ሙቀት ለሚችሉት ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ በሞቀ ጋን ውስጥ ኦክስጅን የሚሟሟው ጥቂት ነው። ፐርኦክሳይድን ግን በልክ ማንጠባጠብ ይቻላል።

ኢንዛይም ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። ጣሊያን ክሬሸንቲኖ ላይ በ2013 የተመረቀው ከገለባ ኢታኖል የሚያመርት ፋብሪካ በ2017 ሥራ አቆመ፤ ሩማንያ ፖዳሪ ያለውን ተመሳሳይ ፋብሪካ ደግሞ ባለቤቱ የኬሚካል ኩባንያ ክላሪያንት በ2023 ለመዝጋት ወሰነ። ፖዳሪ ኢንዛይሙን የሚያመርተው እዚያው ግቢው ውስጥ ነበር።