አንጎል ቦታውን ሲለቅ

የግላስጎው የኮማ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. 50 ዓመት ሞላው። ቲስዴልና ጄኔት ያወጡት፣ ከ3 እስከ 15 የሚቆጠረው ነጥብ ዛሬ ከሐይቅና ከአምባሰል ወደ ደሴ በሚላክ የሪፈር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ነጥቡ ዓይን መግለጥን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን ይመዝናል፤ የዓይን ብሌንን ግን አያይም። ቲስዴል ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ብሌንን የጨመሩበት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዘገዩ እላለሁ፤ ብሌንን ለማየት ባትሪ ብቻ ይበቃልና።

የራስ ቅል አይለጠጥም። በመኪና አደጋ ወይም በዱላ ምት ደም ሲጠራቀም፣ ዕጢ ወይም መግል ሲያድግ መጀመሪያ ቦታ የሚለቁት የአንጎል ፈሳሽና የደም ሥር ደም ናቸው። ቀጥሎ አንጎሉ ራሱ ወደ ክፍተት ይገፋል። በመሀለኛው ሽፋን ሥር ወደ ጎን የሚሾልከው በአብዛኛው በሲቲ ስካን ስለሚለይ አልቆይበትም፤ ወደ ላይ የሚገፋውም ብርቅ ነው። የትንሹ አንጎል ጫፍ ወደ አንገት ሲወርድ ግን ትንፋሽ ድንገት ሊቆም ይችላል። ከወገብ ፈሳሽ ከመቀዳቱ በፊት ንቃትና ብሌን የሚመረመሩት ለዚህ ነው።

አከራካሪው በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ወደ ታች ሲሾልክ ነው። ሦስተኛውን የአንጎል ነርቭ ስለሚጫን በጉዳቱ በኩል ያለው ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃን ቢበራበትም አይጠብም፤ እጅና እግር የሚዝለው ግን በተቃራኒው ጎን ነው። ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1929 ሐኪሞቹ ከርኖሃንና ዎልትማን አናጉት። የተገፋው የአንጎል ግንድ በማዶ ካለው የትንሹ አንጎል ሽፋን ጠርዝ ጋር ሲጋጭ መዛሉ ጉዳቱ ባለበት ጎን ይመጣል። ታዲያ ሲቲ ስካን በሌለበት ሐኪሙ የትኛውን ጎን ይክፈት? ብሌኑን ይመን። ብሌንም አንዳንዴ ያታልላል፤ እንደ እጅና እግሩ ግን አይደለም።

ቀዶ ሐኪሙ ኩሺንግ የገለጿቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም የደም ግፊት መናር፣ የልብ ምት መዘግየትና የትንፋሽ መዛባት፣ ሲታዩ ጊዜው መሽቷል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሯል። ከአምባሰል አምባ በቃሬዛ የሚወርድ ሕመምተኛ ግን ቀዶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ በነርስ እጅ ነው። ራሱ 30 ዲግሪ ቀና ይበል፣ አንገቱ አይጣመም፣ የአየር መንገዱ ይጠረግ፤ የሁለቱም ብሌኖች ሁኔታ ከነሰዓቱ በሪፈሩ ላይ ይጻፍ።

ቤተሰብም ራሱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቡና ጠጥቶ ቢተኛ ሌሊቱን ደጋግሞ ይቀስቅሰው፤ ለመንቃት ካስቸገረ ንጋትን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰደው።