የኢንተርኔት ሬዲዮ፦ ምን ይዘፈን? መቼ ይዘፈን?

አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ፎርማት አለው የሚባለው አድማጩ በየትኛውም ሰዓት ቢከፍተው ምን እንደሚሰማ አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ዜና ብቻ፣ መዝሙር ብቻ፣ የድሮ ዘፈን ብቻ ወይም አዲስ ዘፈን ከአጭር ወግ ጋር፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፎርማት ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመሩ ወዲህ የአዲስ አበባ አድማጭ የለመደው ግን በክፍለ ጊዜ የተሸነሸነ ሬዲዮ ነው። አንዱ ሰዓት የዜና፣ ሌላው የተባባሪ አዘጋጆች የስፖርት ወይም የመዝናኛ፣ ሌላው የትረካ ነው፤ ዘፈን በየመሃሉ ይገባል። አድማጩም ቀንና ሰዓት ቆጥሮ የሚወደውን ፕሮግራም ይጠብቃል።

የኢንተርኔት ሬዲዮ ይህን ትዕግሥት አያገኝም። ዩቲዩብና ቴሌግራም እዚያው ስልክ ላይ ስላሉ ያልጠበቀውን የሰማ አድማጭ ወዲያው ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ሰው የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ጣቢያ ደግሞ 24 ሰዓቱን በአዘጋጅ ሊሞላው አይችልም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ዘፈን፣ ዘፈኑን የሚያሰልፈውም ሶፍትዌር ነው።

ፎርማት ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ አድማጩ ማን ነው የሚለው ነው። ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው የሚታሰብ ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ዓይነት አድማጭ ይኖረዋል፦ አንበሳሜ ከተማ ሆኖ በስልክ ዳታ የሚያዳምጠው ወጣት፣ እና ከአገር ወጥቶ ዋሽንግተን የሚኖረው ጎልማሳ። የመጀመሪያው አዲስ ዘፈን ይፈልጋል፤ የሁለተኛው ናፍቆት ማሲንቆና የካሴት ዘመን ዘፈን ነው። ሁለቱን እኩል ለማስደሰት የሚሞክር ጣቢያ ሁለቱንም ያጣል። አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን በተወሰነ ሰዓት ማስተናገድ ይሻላል።

የድምፅ ጥራቱም ከዚሁ ጋር ይወሰናል። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት 57.6 ሜጋ ባይት ይበላል፤ በ64 ኪሎ ቢት ሲላክ ግን 28.8 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። በቀን አራት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱ ከ115 ሜጋ ባይት በላይ ነው። ሁለቱንም ጥራት ጎን ለጎን አቅርቦ ምርጫውን ለአድማጩ መተው የተለመደ መፍትሔ ነው።

ቀጥሎ ዘፈኖች በምድብ ይከፈላሉ፤ የአንድ ሰዓት ንድፍም ይወጣል። የአማርኛ ዘፈን በአማካይ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ቢባል በሰዓት አሥር ዘፈን ይገባል፤ የቀረው አሥር ደቂቃ ለወግ፣ ለማስታወቂያና ለጣቢያው መለያ ድምፅ ነው። ከአሥሩ ሦስቱ አዲስ፣ አራቱ የካሴትና የሲዲ ዘመን፣ ሁለቱ የሸክላ ዘመን፣ አንዱ ባህላዊ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ንድፍ አዲስ ዘፈን 24 ቢሆን ተራው በስምንት ሰዓት ይዞራል። 24 ለስምንት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አንድ ዘፈን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ጠዋት የሚያዳምጠው ሰውም ከአዲሶቹ የሚሰማው እነዚያኑ ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው። አንድ ዘፈን ተጨምሮ 25 ሲሆኑ ዙሩ ስምንት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆንና ተራው በየቀኑ ይንሸራተታል።

ሶፍትዌሩ የአንድ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን እንዳይከታተል የሚከለክል ደንብም አለው። ደንቡ የሚሠራው ግን ስሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከተጻፈ ነው። በአንዱ ፋይል ላይ «ፀሐዬ ዮሐንስ»፣ በሌላው «ጸሃዬ ዮሃንስ» ተብሎ ከተመዘገበ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው መስሎት ዘፈኖቹን አከታትሎ ይለቃቸዋል። በላቲን ፊደል የተጻፉት ሲጨመሩማ አንዱ ድምፃዊ አምስት ስድስት ሰው ይሆናል። አንድ የስም አጻጻፍ መርጦ መዝገቡን በሙሉ በዚያው ማስተካከል አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት። የድምፁ ከፍታም እንዲሁ ነው፤ ከካሴት የተቀዳው እየሾከሾከ አዲሱ እንዳይጮህ ሁሉም በአንድ ልክ ይስተካከላል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠሩ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ሶፍትዌሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ለጠዋት 1 ሰዓት የታሰበ ፕሮግራም በ1:00 ላይ ከተሞላ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይተላለፋል፤ መሞላት ያለበት በ7:00 ነው። አንበሳሜ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ በአገራችን አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ወይም ከቀኑ 6 ሰዓት ስለሆነ፣ ለውጭ አድማጭ የታሰበው ምሽት የሚደርሰው እዚህ ሌሊት ነው።

በዓላትም በፈረንጅ ቀን ተሞልተው ሊተዉ አይችሉም። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ በየአራት ዓመቱ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 20 ይውላል። የሁዳዴና የረመዳን መግቢያ ደግሞ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የሠርግ ዘፈን በብዛት ቢሰማ ያምርበታል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ግን ሠርግ የለም፤ ጭፈራው ቀርቶ በገናና ለስለስ ያለ ዜማ ቦታውን ይይዛል። ነሐሴ 13፣ ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ማለትም ቡሄ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ቢውልም የልጆቹ ጭፈራ ይሰማል። ይህን ማሽኑ አያውቀውም፤ በየዓመቱ አንድ ሰው ባሕረ ሐሳቡንና የእስልምናውን አቆጣጠር ይዞ ተቀምጦ መሙላት አለበት።

ከሥርጭቱ በፊት የሚጠናቀቅ ሌላ ጉዳይም አለ። ዘፈን ባለቤት አለው፤ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ የድምፃዊውንና የአሳታሚውን መብት በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቃል። ፋይሉ በእጅ መኖሩ ለማሰራጨት ፈቃድ ተገኝቷል ማለት አይደለም።

ሥርጭቱ ከተጀመረ በኋላ ሰርቨሩ ስንት አድማጭ መቼ እንደገባና እንደወጣ ይመዘግባል። አንድ ዘፈን በተሰማ ቁጥር ብዙ ሰው ከወጣ ዘፈኑ ይመርመር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከጠፋ ግን የተቋረጠው ኔትወርክ ወይም መብራት ሊሆን ስለሚችል በዘፈኑ ላይ አይፈረድ። የሳምንታት መዝገብ ሳይታይ ፎርማት አይለወጥም። ጣቢያውን በየሳምንቱ እየለዋወጡ አድማጭ ማላመድ አይቻልም።