የሴት ገጸ ባሕርያት አቀራረብ በሥዕላዊ ታሪኮች

ኮሚክ በመባል የሚታወቁት ሥዕላዊ ታሪኮች ወጣቶችን ንባብ ከማስለመዳቸውም ሌላ ስለ ሴትና ስለ ወንድ የሚኖራቸውን አመለካከት ሊቀርጹ ይችላሉ። በመሆኑም መምህሩ ከታሪኩ ቃል ጋር የሥዕሉንም መልእክት ሊመረምር ይገባዋል።

ለአብነት ወንደር ውማን የተባለችውን የአሜሪካ ኮሚክ ጀግና እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1941 ለንባብ ያበቃት የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ሞልተን ማርስተን ሲሆን፣ ዓላማውም የብርቱ ሴት አርአያ ማቅረብ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2016 ሴቶችንና ልጃገረዶችን ለማብቃት የክብር አምባሳደር አድርጎ ሰየማት። ዳሩ ግን ወደ 45,000 የሚጠጉ ሰዎች የአካሏ ቅርጽ ከተፈጥሮ የራቀ፣ ልብሷም ገላዋን ያጋለጠ መሆኑን ጭምር በመጥቀስ በፊርማቸው ተቃወሙ፤ ስያሜውም ሁለት ወር ሳይሞላው አበቃ። በቃል የተሰጣትን ክብር ሥዕሉ ነጠቃት ማለት ነው።

አድልዎው ከልብስም ያልፋል። በውጊያ ላይ የወንዱ ክንድና ፊት ጎልቶ ሲሣል፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ ደረቷና ዳሌዋ ባንድነት እንዲታይ ወገቧ ተጠምዝዞ ትቀርባለች። በ2012 አንዳንድ ሠዓሊዎች ሆክአይ የተባለውን ወንድ ጀግና በዚሁ አኳኋን በመሣል የነገሩን አስቂኝነት አጋልጠዋል።

ይህ ዘዴ ለክፍልም ይጠቅማል። መጽሐፉን መከልከል ተደብቆ እንዲነበብ ከማድረግ አያልፍም፤ ይልቁንስ ተማሪዎች «ወንዱ እንዲህ ቢሣል ምን ይመስላል? ሴቷስ በታሪኩ ውስጥ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅን ቢለምዱ ይበጃል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ማናቸውንም ሥዕል ከማጽደቃቸው በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ሊያነሡ ይገባል።