ጡትን በብርሃን የሚያይ መሣሪያ፤ እስከ የት ያያል?

ሰሞኑን ከካምፕ እየደወሉ አንድ ጥያቄ የሚያነሱልን እህቶች በርክተዋል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች “ጡት ላይ የሚደረግ፣ በብርሃን ካንሰር የሚለይ ዕቃ አለ፣ ልላክልሽ?” እያሏቸው ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን ስለ ዕቃው ጥቂት እንጻፍላችሁ።

ልጆች በጨለማ የእጅ ባትሪ አብርተው በመዳፋቸው ሲሸፍኑት ጣታቸው ቀይ ሆኖ ይታያል። ብርሃን ሥጋን በመጠኑ ያልፋል፣ ደም ግን ይውጠዋል። ካንሰር ሲያድግ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ቦታው ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ማክስ ከትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጡት ውስጥ መብራት አሳልፎ ያየውን በ1929 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ችግሩም ያኔውኑ የነበረ ነው፤ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ትንሽ ወይም ጥልቅ ያለ ዕጢ ያመልጠዋል፣ ተመትቶ ደም የቋጠረ ቦታ ደግሞ ጠቁሮ ያስደነግጣል።

ዛሬ ዓይን በማያየው ብርሃን የሚሠሩ፣ ቆዳ ላይ የሚያርፉ መሣሪያዎች እየተሞከሩ ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ስለ አንዱ ጽፈዋል። ልብ በሉ፣ የእነሱ መሣሪያ ካንሰሯ ታውቆ ኬሞቴራፒ የጀመረች ሴት ዕጢዋ ለመድኃኒቱ ምን መልስ እንደሚሰጥ የሚከታተል ነው። ጤነኛዋን ከታማሚዋ ለመለየት አልተሠራም። በ2023 ብዙ የተወራለት፣ ጡት መያዣ ላይ የሚገጠመው የአሜሪካው ኤምአይቲ መሣሪያም በአልትራሳውንድ እንጂ በብርሃን አይሠራም። የሠራችው ጃናን ዳዴቪረን አክስቷን በጡት ካንሰር ያጣች ናት።

እኛን በተለይ የሚነካ ሌላም ነገር አለ። ክሊኒክ ጣታችን ላይ የሚሰኩት ኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ብርሃን ነው። የቆዳችን ጥቁረትም ብርሃን ይውጣል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይኸው መለኪያ የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስት አሳይቷል። ታዲያ ማንኛውም የብርሃን መሣሪያ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ተሞክሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የምንፈራው ዕቃው “ምንም የለም” ያላት እህት እብጠቷን ይዛ ቤቷ እንዳትቀመጥ ነው። የጡት ካንሰር በኬንያ ሴቶች ላይ ከሚገኙት ካንሰሮች በቁጥር አንደኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ይጠይቃል። ከካኩማ ወይም ከዳዳብ ለምትነሣ ሴት ሪፈር ማጻፉና የጉዞ ፈቃዱ ብቻ ከዚያ ስንቱን ቀን እንደሚበላ እናንተ ታውቁታላችሁ!

ናይሮቢ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ምርመራ የታወቀ ነው። ሐኪም በእጁ ይዳስሳል። በዕድሜ ልጅ ለሆነችው ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነችው ማሞግራም ይታዘዛል፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራሙ በደንብ አያሳየውም። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በመርፌ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው። ይህንን በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልም ሆነ በአጋ ካን ሆስፒታል ይሠሩታል። በኦክቶበር ወር በነፃ ወይም በቅናሽ የሚመረምሩም ስላሉ፣ ከተማ ያለ ዘመድ ቀድሞ ይጠይቅላችሁ።

እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ያየች እህት መቼ እንዳየችው ለካምፑ ክሊኒክ ትንገር፣ ቀኑም ካርዷ ላይ ይጻፍላት። ዘመድ ለዕቃው ያሰበውን ገንዘብ ለአልትራሳውንድና ለመኪና ቢልከው ይሻላል። የናሙናውን ውጤት ኮፒ ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ፤ ሌላ ሆስፒታል ብትላኩ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።