ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ወደ ማታው ትምህርት ስንሄድ በየመንገዱ የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች እናያለን። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቁና በገመድ ያስሩታል፤ በቃ፣ ኳስ ሆነ። ከተማሪዎቻችን መካከል ልጆች ያሏቸው አባቶች፣ "ለመሆኑ ኳስ እንጀራ ይሆናል ወይ?" እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ጥሩ ነው። በኳስ እንጀራውን የበላ የአንድ አፍሪካዊ ታሪክ እንንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ሰውየው ኢዩሴቢዮ ይባላል። በጥር ወር 1934 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ተወለደ። ሞዛምቢክ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች የአፍሪካ አገር ናት። ያን ጊዜ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች። ዛሬ ማፑቶ የሚባለው ዋና ከተማዋም ሎሬንሶ ማርኬስ ይባል ነበር። ኢዩሴቢዮ ያደገው በዚህ ከተማ ውስጥ፣ ማፋላላ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው በመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሞቱ። ልጆቹን ያሳደጉት እናቱ ናቸው። እሱም እንደኛ ሰፈር ልጆች በባዶ እግሩ፣ ጋዜጣ በተጠቀጠቀበት ካልሲ መጫወት ጀመረ።

ኢዩሴቢዮ አጥቂ ነበር። አጥቂ ማለት ከፊት ተሰልፎ ጎል የሚያገባ ተጫዋች ነው። ሩጫው ፈጣን ነበር፤ ቀኝ እግሩ ኳስን እንደ ጥይት ይልካል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ፖርቱጋል ደረሰና ሁለት የሊዝበን ክለቦች ፈለጉት። ስፖርቲንግ ያለ ክፍያ ለልምምድ ይምጣ አለ። ቤንፊካ ግን እናቱ ዘንድ ሰው ላከ። ወንድሙ "እጥፍ ካልሆነ አይሆንም" አለ፤ ከፈሉ። ውሉን እናቱ ፈረሙ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሊዝበን ሲገባ የ18 ዓመት ልጅ ነበር።

ፕሮፌሽናል ተጫዋች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሸማኔ በእጁ፣ ገበሬ በጉልበቱ እንደሚያድር ሁሉ፣ እሱም በእግሩ ያድራል። ደመወዝ አለው፤ ሥራው በውል ነው።

ሚያዝያ 1954 ዓ.ም. ቤንፊካ በአምስተርዳም ከተማ ከሪያል ማድሪድ ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ። 5 ለ 3 አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጎሎች ያገባው ኢዩሴቢዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ እንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ ሰሜን ኮሪያ ፖርቱጋልን 3 ለ 0 ይመራ ነበር። ኢዩሴቢዮ ብቻውን አራት ጎል አገባና ፖርቱጋል 5 ለ 3 አሸነፈች። በውድድሩ በጠቅላላው 9 ጎል አግብቶ ከሁሉ በለጠ። ፖርቱጋል በእንግሊዝ 2 ለ 1 በተሸነፈች ዕለት ግን እያለቀሰ ከሜዳ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያለቀሰው የፖርቱጋልን ማልያ ለብሶ ነው። የቡድኑ አምበል ማሪዮ ኮሉናም የሞዛምቢክ ልጅ ነበር። በተወለዱባት አገር ደግሞ ከመስከረም 1957 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ከፖርቱጋል ጦር ጋር ለነጻነቱ ይዋጋ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የኢጣሊያ ክለቦች ብዙ ገንዘብ ሊከፍሉት ፈለጉ። የፖርቱጋል ገዢ ሳላዛር ግን ከአገር እንዳይወጣ ከለከለው። እንደ አገር ንብረት ተቆጠረ። ገንዘቡን የሚያመጣው የእሱ እግር ነው፤ የት እንደሚሠራ የወሰነው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ እግር ደግሞ ብረት አልነበረም። ግራ ጉልበቱ ስድስት ጊዜ በሐኪም ተቀደደ። ቢሆንም ለቤንፊካ በ440 ጨዋታዎች 473 ጎሎች አገባ፤ ክለቡ 11 ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮንነት ሲያገኝ አብሮ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ክለቡን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ሞዛምቢክ ነጻ ወጣች። እሱም ጉልበቱ እያመመው በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ክለቦች ጥቂት ዓመታት ተጫወተና አቆመ።

ታኅሣሥ 27 ቀን 2006 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ ሊዝበን ውስጥ አረፈ። ፖርቱጋል የሦስት ቀን ኀዘን አወጀች። በሚቀጥለው ዓመትም አጽሙ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ሕንጻ ተዛወረ።

እንግዲህ ለአባቶች ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ አዎ፣ ኳስ እንጀራ ይሆናል። ግን ለጥቂት ሰዎች፣ ለጥቂት ዓመታት ነው። ጉልበት ያልቃል። ስለዚህ ልጁ ኳሱንም ይጫወት፣ ደብተሩንም አይጣል። እኛም ብንሆን የሥራም ሆነ የመሬት ውል ሲመጣ፣ አውራ ጣታችንን ከማሳረፋችን በፊት ወረቀቱን እናንብብ። የኢዩሴቢዮ ወንድም ዋጋውን ባይጠይቅ ኖሮ እጥፉን ማን ይሰጣቸው ነበር?

ለመወያያ፦
1. ፕሮፌሽናል ተጫዋች ማለት ምን ማለት ነው?
2. ኢዩሴቢዮ ወደ ኢጣሊያ ያልሄደው ለምንድን ነው?
3. እናንተ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቃላችሁ?