የቡናው ጥላ ተተኪ ይሻል

ወደ ከፋ፣ ሸካና ኢሉባቦር ደኖች የሚዘልቅ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ጥላውን ነው። በቀትር እንኳ ከፀሐዩ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ከዚህ ጥላ ሥር በተፈጥሮ የበቀለው ቡና ለአካባቢው ገበሬ የኑሮ መሠረት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ለቡናው ሲባል የሚካሄደው የየዓመቱ ምንጣሮ ደኑን ያለ ተተኪ እያስቀረው ነው።

በአካባቢው በዓመት ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይጥላል። በዚህ እርጥበት የሚኖሩት ዕፀዋት ብርሃኑን በደረጃ ተከፋፍለው ይጠቀሙበታል። ከሁሉም በላይ እስከ 40 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝመው ቀረሮ ይቆማል። ከርሱ ዝቅ ብለው ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ይገኛሉ። ቡናው ከእነርሱ በታች ሲሆን፣ ኮረሪማና ጥምዝ ደግሞ ከመሬቱ አጠገብ ይበቅላሉ። የቡናው ቅጠል ጫፍ ሾጣጣ በመሆኑ የዝናቡ ውሃ ሳይቆይበት ይንጠባጠባል።

ከመሬት ሳይነሳ ወደ ብርሃን የሚደርስም አለ። ጌተም የተባለውን ዛፍ ዘር ወፎች በረዣዥም ዛፎች ላይ ይጥሉታል። በቅርንጫፍ መሐል በተጠራቀመው ብስባሽ ላይ ይበቅልና ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰድዳል። በስተመጨረሻም የተሸከመውን ዛፍ አንቆ ሊገድለው ይችላል። ሆኖም የአካባቢው ዝነኛ ነጭ ማር የሚገኘው ንቦች ከዚሁ ዛፍ አበባ ከሚቀስሙት ነው።

ብዙ ሰው ደኑ የለመለመው መሬቱ ለም ስለሆነ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽም ነው። የረገፈው ቅጠልና የወደቀው ግንድ በሙቀቱና በእርጥበቱ ቶሎ ይበሰብሳል። ምስጦች፣ ትሎችና ሻጋታዎች ያደቅቁታል፤ ከላይ ተዘርግተው የሚጠብቁት ሥሮችም ምግቡን መልሰው ይወስዱታል። ዛፉ በተቆረጠ ጊዜ ይህ ዑደት ይቋረጣል። ኃይለኛው ዝናብ በባዶው መሬት ላይ ሲያርፍ ብስባሹን አጥቦ ይወስደዋል። ስለሆነም ደን ተመንጥሮ የታረሰ ማሳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ምርት ሰጥቶ በኋላ መድከሙ አያስደንቅም።

ደኑ ራሱን የሚተካበትም መንገድ አለው። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ በተከፈተው ቦታ ብርሃን ይገባል። ብሳናና የዝንጀሮ ወንበር የተባሉት ዛፎች ፈጥነው ይበቅሉና ክፍተቱን ይሸፍናሉ። የቀረሮው ችግኝ ግን ጥላ ችሎ፣ ተራው እስኪደርስ ድረስ እያዘገመ ይጠብቃል።

አደጋው የሚደርሰው በእነዚህ ተራ ጠባቂዎች ላይ ነው። ገበሬው ቡናውን ለመልቀም እንዲመቸውና ምርቱ ከፍ እንዲል በየዓመቱ በገጀራ ሥሩን ያጸዳል። ከአረሙ ጋርም የነገው ቀረሮና የነገው ብርብራ አብረው ይታጨዳሉ። ትልልቆቹ ዛፎች እንደቆሙ ስለሆኑ ደኑ ከሩቅ ሲታይ ምንም የጎደለበት አይመስልም። እነርሱ አርጅተው በወደቁ ጊዜ ግን በቦታቸው የሚቆም አይኖርም። ያለ ጥላ የቀረ ቡና ደግሞ በአንዱ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራና በተከታዩ ቅርንጫፉ እየደረቀ ይሄዳል።

የደኑ መጥፋት ጉዳቱ በአካባቢው ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታይቶ ምርቱን ክፉኛ በጎዳ ጊዜ፣ የጅማ ምርምር ባለሙያዎች መፍትሔ የፈለጉት በከፋና በኢሉባቦር ቡናዎች መካከል ነበር። በሽታው ካላጠቃቸው እናት ዛፎች ዘር ተመርጦ ለገበሬው ተሰራጨ። ከኢሉባቦር የተገኙት 74110 እና 74112 የተሰኙት ዝርያዎች ከነዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። ነገ ለሚነሳ በሽታ ወይም ለሚጨምር ሙቀት የሚሆነው ዘርም ዛሬ ማንም ባልቆጠረው ቡና ውስጥ ሊኖር ይችላል። የከፋና የያዩ ደኖች በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነው የተመዘገቡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ከገበሬው አቅም በላይ አይደለም። ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት የጥላ ዛፍ ችግኞችን ለይቶ በእንጨት ምልክት ማድረግ፣ በየማሳው የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ጥቂት ችግኞች ማስቀረት፣ ከጫካው አንዱን ጥግ ደግሞ ገጀራ ሳያስነኩ መተው ይቻላል። ኮረሪማውንና ቀፎውን ከቡናው ጋር አጣምሮ የያዘ ገበሬም ቡናው በሚቀንስበት ዓመት ባዶ እጁን አይቀርም።

ቀረሮ በአንድ ሰው ዕድሜ አድጎ አያልቅም። የዛሬው ለቃሚ የተጠለለበትን ዛፍ ያስቀሩለት አያቶቹ ናቸው፤ ለልጅ ልጆቹ የሚሆነውም ችግኝ ዘንድሮ ከገጀራው መትረፍ አለበት።