የናፍቆት ዘፈን ስካር

ጠጅና አረቄ ደጃፉን አልፎ በማያውቅ ቤትም ስካር ሊገባ ይችላል። ልጃችን ሌሊቱን በጆሮ ማዳመጫ አንዱን የናፍቆት ዘፈን ስትደጋግም ታድራለች፤ ጠዋት ምግቡም ትምህርቱም ያስጠላታል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስንላት «ምንም» ትለናለች።

በ751 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ሊቅ ኢብኑል ቀይዪም «ረውደቱል ሙሒቢን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ አፍቃሪዎች ስካር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፈዋል። እንደርሳቸው አገላለጽ ጅማሬው በሰው ምርጫ ነው፤ መጨረሻው ግን ከእጅ ይወጣል። መጠጥ ያነሳ ሰው ብርጭቆውን የሚያነሳው ወዶ ነው፤ ከሰከረ በኋላ ግን ስካሩን አያዝዘውም።

የዘመኑ ሳይንስም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ በ2005 በወጣ ጥናት፣ በፍቅር የተያዙ 17 ሰዎች የሚወዱትን ሰው ፎቶ እያዩ አንጎላቸው ሲነሳ፣ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚመነጭበት ክፍል ሲነቃቃ ታይቷል። በ2011 ከካናዳ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚወዱት ሙዚቃም ይህንኑ ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ አሳይቷል። ታዲያ የናፍቆት ዘፈን በአንድ ብርጭቆ ሁለት መጠጥ አይሆንም?

«መጅኑን» ማለትም እብዱ በመባል የሚታወቀው ቀይስ ለይላን ያጣው፣ እንደሚተረከው፣ በራሱ ግጥም ነው። ስሟን በየአደባባዩ ስላዜመ አባቷ አሳፈረን ብሎ ከለከለው። ግጥሙ ወደ ለይላ የሚያደርስ መንገድ አልሆነለትም፤ ይልቁን አጥር ሆነበት።

በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበው የሙጊስ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ በሪራ ከባርነት ነጻ ስትወጣ ከእርሱ መለየትን መረጠች። እርሱም እንባው በጺሙ እየወረደ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለት እንጂ አልነቀፉትም። እንድትመለስ ሲያማልዱላት «ትዕዛዝ ነውን?» ብላ ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት አልፈልገውም አለች፤ ቃሏም ተከበረ።

ልብ በሉ! በዘፈን ውስጥ የሚናገረው ናፋቂው ብቻ ነው። የተናፈቀችው መልስ የላትም፤ እምቢታዋ አይሰማም። ዘፋኙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አድማጩ ግን ከነስካሩ ይቀራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት ከልጃችን አጠገብ እንቀመጥ። ማፍቀር በራሱ ነውር እንዳልሆነ እንንገራት። የናፈቀችው ሰው እውነተኛ ሰው ነው ወይስ ዘፈኑ የሳለው ምስል? ይህንን በእርጋታ እንጠይቃት። እውነተኛና ለትዳር የሚያስብ ከሆነ በሩን በወጉ ያንኳኳ። ምስል ከሆነ ደግሞ ስካሩ እስኪበርድ አብረናት እንቆይ።

አላህ ልቦቻችንን ያረጋጋልን።